በክፍያ የሚሠራ የተማሪ ጽሑፍ፦ ሕጉ የሚከሰው ማንን ነው?

ለተማሪ በክፍያ ጽሑፍ መሥራትን የሚከለክለው የአውስትራሊያ ሕግ ተማሪውን ያሳስራል የሚለው ግምት ደጋግሞ ስለሚነሳ ነገሩን ማጥራት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ይህ ሕግ በወንጀል የሚጠይቀው አገልግሎቱን ለትርፍ የሚሰጠውን ወይም የሚያስተዋውቀውን ሲሆን፣ ቅጣቱም እስከ 2 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ለምሳሌ ሜልበርን የሚማር ልጅ ናይሮቢ ላለ ጸሐፊ ከፍሎ ያሠራውን የ2,000 ቃላት ጽሑፍ በራሱ ስም ቢያስገባ፣ ጸሐፊው ውጭ አገር መሆኑ ብቻውን ከሕጉ አያስመልጠውም፤ ይዞ ፍርድ ቤት ማቅረቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ጣጣ ነው። ልጁን የሚጠይቀው ዩኒቨርሲቲው በራሱ ደንብ ነው፤ ውጤት ከመሰረዝ እስከ መባረር የሚደርሰው ቅጣትም ከተቋም ተቋም ይለያያል። እንግሊዝ በ2022 ተመሳሳይ ክልከላ ብታወጣም፣ የእሷ ቅጣት የገንዘብ ብቻ ነው።