«አት ኦል» ምንድን ነው? «በጭራሽ» ማለት ግን አይደለም

ሰሞኑን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች አንድ ገጽ ወረቀት ያስባዛሉ። ርዕሱ «ንግግርዎን የሚያጠናክሩ የእንግሊዝኛ ሐረጎች» ይላል። የመጀመሪያው መስመር «አት ኦል = በጭራሽ»። ሁለተኛው «ባይ ፋር = በጣም»። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም።

ያቺን የመጀመሪያ መስመር ደብተር ላይ አይቻታለሁ። የስልክ ቪዲዮ ላይ ሰምቻታለሁ። የፈተና ወረቀት ሳርም ደግሞ ውጤቷን አገኘዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሷ ብቻ ልጻፍ። ተውሳከ ግሥ ምን እንደሆነ፣ ሐረግ ምን እንደሆነ አልዘረዝርም። እሱን ታውቁታላችሁ።

«አት ኦል» «አይ» ማለት አይደለም። «በጭራሽ» ማለትም አይደለም። በራሱ ምንም ነገር አይክድም። የሚለው «የትንሽ ትንሽም ብትሆን» ነው። ክህደቱን የሚያመጣው ሌላ ቃል ነው፤ «ኖት»፣ «ኖ»፣ «ኔቨር»፣ «ዊዝአውት»። «አት ኦል» የሚመጣው ከእነሱ ኋላ ነው፤ መጥቶም የተካደውን ነገር እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ያስክዳል።

ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ምሳሌ ጤና አዳም ነው። ቡና ትቀዳለህ፣ ቅጠሏን ጣል ታደርግበታለህ። ሽታው ይነሣል፣ ጣዕሙ ይለወጣል። ቡናው «ኖት» ነው። ቅጠሏ «አት ኦል» ናት። እንግዳ መጥቶ ባዶ ስኒ ውስጥ ቅጠል ብቻ አስቀምጠህ ብታቀርብለት ምን ይላል? ቡናው የታለ ይላል። «ደክሞሃል ወይ?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጠይቆ «አት ኦል!» ብሎ የሚመልስ ሰው ያቀረበው ይህንኑ ነው። «ኖት አት ኦል» ማለት ነበረበት።

ስህተቱ ከስንፍና አይመጣም። ይህን አጥብቄ ልናገር፤ ተማሪዎቼ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም የሚሳሳቱት። የሚያሳስታቸው አማርኛችን ነው። በአማርኛ «ደክሞሃል?» ሲሉህ «በጭራሽ!» ብለህ ዝም ማለት ትችላለህ። «ኧረ ፈጽሞ!» ማለትም ትችላለህ። «አልደከመኝም» ሳይባል ይሰማል። ቃሉ ከክህደት ጋር ብዙ ዘመን ስለኖረ ክህደቱን ራሱ ተሸክሞታል። እዚህ ጅማ ደግሞ ብዙ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ እዚያም «ጎንኩማ!» ብቻውን መልስ ይሆናል። ልጁ በሁለቱም ቋንቋው የለመደውን ሦስተኛው ላይ ሲያደርገው ምን ይፈረድበታል? የሚፈረደው ያንን የእኩልነት ምልክት ወረቀቱ ላይ ያሰፈረው ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ የተደበቀ ነው። «ፈጽሞ» የሚለው ቃል «ፈጸመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የመጨረስ፣ የመድረስ ትርጉም አለበት። ስለዚህ ከአዎንታዊ ግሥ ጋርም ይሄዳል። «ስልኩ ፈጽሞ ጠፋ» እንላለን። «ከነጭራሹ ረሳው» እንላለን። ታዲያ «አት ኦል = ፈጽሞ» ብሎ የሸመደደ ተማሪ «ማይ ፎን ዲስአፒርድ አት ኦል» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ይሰበራል። «ኮምፕሊትሊ» ወይም «ኦልቱጌዘር» ነበር የሚፈለገው። ጤና አዳሟ ለስላሳ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። እኛ «በጭራሽ አላውቅም» ስንል ማጠናከሪያውን እናስቀድማለን። እንግሊዝኛው ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ «አይ ዶንት ኖው አት ኦል»። «አይ አት ኦል ዶንት ኖው» አይባልም። ቅጠሉ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ነው የሚጣለው። ከቅጽል ጋር ሲሆን ግን «ኖት» ሥር ተጠግቶ መግባት ይችላል፤ «ኢት ኢዝ ኖት አት ኦል ኢዚ»ም «ኢት ኢዝ ኖት ኢዚ አት ኦል»ም ደህና ናቸው።

ይህንን ሁሉ ለወረቀቱ ለሚከራከር አንድ ሰው ስነግረው፣ «ቲቸር፣ ፈረንጁ ከገባው ምን ቸገረን?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በቁም ነገር ልመልስለት። አንደኛ፣ ሁልጊዜ አይገባውም፤ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እነግራችኋለሁ። ሁለተኛ፣ «በጭራሽ» ብሎ የያዘው ልጅ ግማሹን እንግሊዝኛ አይረዳም። ምክንያቱም «አት ኦል» ጥያቄ ውስጥም ይገባል፣ «ኢፍ» ኋላም ይገባል። እዚያ «በጭራሽ» የለም።

«ዱ ዩ ድሪንክ ኮፊ አት ኦል?» ሲልህ «ቡና በጭራሽ ትጠጣለህ?» እያለህ ነው? አማርኛውም አይሆንም። እያለህ ያለው «ለመሆኑ ቡና የሚባል ነገር ትጠጣለህ ወይ?» ነው። አንዲት ስኒ፣ በወር አንዴም ቢሆን። «ኢፍ ኢት ሬይንስ አት ኦል፣ ዘ ሮድ ዊል ክሎዝ» ሲል ደግሞ «ዝናብ ጠብ ካለ እንኳ መንገዱ ይዘጋል» ማለቱ ነው። ክህደት የት አለ? የለም። ያለው ያው «የትንሽ ትንሽ» ነው። እኔ ይህን ሳስተምር የተማሪው ፊት ሲበራ አየዋለሁ። «ጠብ ካለ እንኳ» የምትለው አማርኛ ከማንኛውም የሰዋስው ሕግ በላይ ትሠራለች። በጅማ ክረምት ያደገ ልጅ ደግሞ «ጠብ» ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ወደ ምሳሌዬ ልመለስና ጥያቄውና «ኢፍ» ሻይ ናቸው። ጤና አዳም ሻይ ላይም ያምራል። ተራ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ግን ለስላሳ ነው፤ ቅጠል አይቀበልም። «አይ ላይክ ኮፊ አት ኦል» አይባልም።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። ሕጉ ለዘላለም የተቆረጠ አይደለም። አይርላንድ ውስጥ «አት ኦል» በአዎንታዊ ንግግርም ሲነገር ኖሯል፤ በድሮ እንግሊዝኛም «በሁሉም በኩል» የሚል ትርጉም ነበረው። ናይጄሪያዊ ደግሞ ከናይጄሪያዊ ጋር ሲያወራ «አት ኦል!» ብሎ ብቻውን «አይ» ሊል ይችላል፣ ይግባባሉም። ማጠናከሪያ ቃል ክህደቱን ራሱን ሲወርስ ማየት ለቋንቋ ሰዎች አዲስ አይደለም። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1917 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስለዚሁ ነው። ፈረንሳይኛውን ተመልከቱ። «ፓስ» ማለት «እርምጃ» ነበር። «አንዲት እርምጃ አልሄድም» እንደማለት ማጠናከሪያ ሆኖ ገባ። ዛሬ ሰዎች ሲያወሩ ዋናውን መካጃ «ኑ»ን ይጥሉታል፣ «ፓስ» ብቻውን ይክዳል። ቅጠሉ ቡናውን ተካው። የኛም «በጭራሽ» መልስ ላይ ብቻውን ሲቆም የዚህ መንገድ መንገደኛ ይመስለኛል።

ስለዚህ «አት ኦል» አንድ ቀን እዚያ ይደርስ ይሆናል። ዛሬ ግን ተማሪዬ የሚፈተንበት፣ ሥራ የሚያመለክትበት፣ ጽሑፍ የሚያሳትምበት እንግሊዝኛ ላይ አልደረሰም።

ሌሎቹን ማጠናከሪያዎች ባጭሩ። «ኢን ዘ ሊስት» እና «ዋትሶኤቨር» የ«አት ኦል» ዘመዶች ናቸው፤ እነሱም ቡናውን ከሌላ ይፈልጋሉ። «ኖት ኢን ዘ ሊስት»፣ «ኖ ዳውት ዋትሶኤቨር»። «ባይ ኖ ሚንስ» (በምንም መንገድ አይሆንም) እና «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ» (በምንም ሁኔታ አይሆንም) ግን ሌላ ናቸው። «ኖ»ው ውስጣቸው ነው። ጤና አዳሙ ጀበናው ውስጥ አብሮ ፈልቶ የመጣ ቡና በላቸው። ሌላ «ኖት» ከጨመርክ ሁለት ቡና አንድ ስኒ ውስጥ ቀዳህ። እኛ «ማንም አልመጣም» ብለን «ማንም»ንም «አል»ንም ስለምናኖር እጃችን ወደ ሁለቱ ይሄዳል፤ መደበኛው እንግሊዝኛ አንዱ ይበቃዋል። እነዚህ ሐረጎች ዓረፍተ ነገሩን ሲጀምሩ ደግሞ ረዳት ግሡ ከባለቤቱ ቀድሞ ይወጣል፤ «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሹድ ዩ ኦፕን ዚስ ዶር»። «ዩ ሹድ» አይባልም። ይቺን ሳይስት የሚጽፍ ተማሪ ሳገኝ ደስታዬን አልደብቅም።

«ባይ ፋር»ም «በጣም» አይደለም። ማወዳደሪያ ይፈልጋል። «ባይ ፋር ዘ ቤስት» ይባላል፤ «ባይ ፋር ጉድ» አይባልም። አማርኛው «በሰፊ ልዩነት» ነው። ወረቀቱ ላይ ይህን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ይቅር እል ነበር።

አሁን ቃል የገባሁትን። አንድ ቡና ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ የውጭ አገር እንግዳ ቡና የምታፈላውን ልጅ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቴክ አ ፎቶ?» አላት። ቅር ይልሻል ወይ ማለቱ ነው። ልጅቱ ሳቅ ብላ «አት ኦል!» አለች። በልቧ «ኧረ በጭራሽ!» ነው ያለችው፤ የቤት ልጅ ደግነት ነው። እንግዳው ግን ገና የሚቀጥል ነገር ያለ መስሎት ጠበቀ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችው። ቅር ብሏት ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ካሜራውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። እሷም ፊቷ ተለወጠ።

ከጎን ሆኜ «ኖት አት ኦል» አልኩት። ካሜራው ተነሣ።