«ግምገማው መጨረሻ ላይ ይደርሳል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ የሙከራ ፕሮግራሞችን መገምገም ሥራዬ ነው። በየስብሰባው የሚደጋገሙት ስህተቶች የሕዝብ ገንዘብ ስለሚያስባክኑ ዝም ብሎ ማለፍ ከብዶኛል።

«ኦዲቱ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ውጤታማ ነው።» ኦዲተር በዋናነት የሚያየው ገንዘቡ በደንቡ መሠረት መውጣቱን ነው። አንድ ሳንቲም ሳይጎድልበት ለማንም ያልጠቀመ ፕሮግራም አለ።

«ይህን ያህል ሺህ ሰው አሠለጠንን።» ስንቱ ሥራ አገኘ? ሳይሠለጥንስ ያገኝ የነበረው ስንቱ ነው?

«ግምገማው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይደርሳል።» ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይኸኛው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጠው ድጋፍ ካለቀ በኋላ «ውጤቱን ለኩልን» ብሎ ጠራን። ድጋፉ ከመጀመሩ በፊት የተሰበሰበ የመነሻ መረጃ የለም፤ ድጋፉን ያላገኘ የሚነጻጸር ቡድንም የለም። ተጠቃሚዎቹን የድሮ ገቢያቸውን ከትዝታ ለመጠየቅ ተገደድን። ሰው የዓመታት ገቢውን በትክክል አያስታውስም፤ ድጋፉ እንዲቀጥልለት የሚፈልግማ የቀድሞውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። በዚያ ላይ ገበያው ራሱ ተነቃቅቶ ነበር። የፕሮግራሙን ድርሻ መለየት አልተቻለም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «ስኬታማ» ተብሎ እንዲጻፍ ተጠየቅን።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር ይህን ቀድማ አስባበታለች። ፕሮግራሙ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩና ለጤና ክትትል ለሚቀርቡ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ለጥናቱ ከተመረጡት 506 መንደሮች 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው ገቡ፤ 186ቱ ቆይተው። ለሁሉም በአንዴ ማዳረስ ካልተቻለ ተራን በዕጣ መለየት አድልዎ አይደለም፤ ለገምጋሚው ደግሞ እውነተኛ ማነጻጸሪያ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥልጣን ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ሲዛወር ፕሮግራሙ ተረፈ፤ ለዚህም የተሰበሰበው ማስረጃ ትልቅ አስተዋጽኦ ነበረው።

ስለዚህ በጀት የምታጸድቁ ሁሉ፣ የመነሻ መረጃ የሚሰበሰብበት ቀን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት መሆኑን ሰነዱ ላይ ካላያችሁ አትፈርሙ። ምን ውጤት ሲገኝ እንደሚስፋፋ፣ ምን ሲታይ እንደሚቆምም አስቀድሞ ይጻፍ። ገምጋሚው ደመወዙን ከፕሮግራሙ ኃላፊ እጅ አይቀበል።

«ሙከራው ካልሠራ ገንዘቡ ባከነ።» የማይሠራውን በትንሽ ገንዘብ ማወቅ የሙከራ ዋና ጥቅም ነው። የሚባክነው ሳይለኩ ሲያስፋፉት ነው።

«በሙከራ የሠራ በሁሉም ቦታ ይሠራል።» በአሜሪካዋ ቴነሲ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በተደረገ ሙከራ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባላቸው ክፍሎች የተማሩ ሕፃናት የተሻለ ውጤት አመጡ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 የክፍሎቿን ተማሪ ቁጥር በግዛቱ ሁሉ በአንዴ ስትቀንስ ግን ብቁ መምህር አጠራት፤ ብዙ ክፍሎችም የማስተማር ፈቃዳቸውን ባላሟሉ መምህራን ተሸፈኑ። ቴነሲ ውስጥ የተለካው የክፍል መጠን እንጂ ያን ያህል መምህር ከየት ይመጣል የሚለው አልነበረም።