በሁለተኛ ቋንቋ ለመናገር መዘጋጀትና የሥራ ትውስታ

የሥራ ትውስታ የሚባለው አንድ ነገር እየሠራን ሳለ የሚያስፈልገንን መረጃ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ የሚያቆይልን የአእምሮ አቅም ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አለን ባድሌይና ግራሃም ሂች በ1974 ያቀረቡት ማብራሪያ እስካሁን የብዙ ጥናት መነሻ ነው። ችግሩ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። ኔልሰን ኮዋን በ2001 እንደጻፈው በአንድ ጊዜ የምንይዘው አራት ነገር አካባቢ ብቻ ነው።

አሁን መናገርን እንየው። መጀመሪያ የምንለውን እናስባለን፣ ከዚያ ቃልና ሰዋስው እንፈልግለታለን፣ ከዚያ በድምፅ እናወጣዋለን። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ሐሳቡን ካገኘን የቀረው ሳናስበው ይመጣል። በሁለተኛ ቋንቋ ግን ቃሉን መፈለግ፣ ግሱን ማርባት፣ ድምፁን ማስተካከል ሁሉም ያንኑ ጠባብ ቦታ ይሻማሉ፣ ስለዚህ ሐሳቡ ሞልቶ እያለ አፍ ይያያዛል። ይህን አይቶ ሰውን ደካማ ወይም ያልገባው አድርጎ መቁጠር በጣም ያሳዝነኛል፤ እውቀቱ እኮ አለ።

ዝግጅት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ፖሊን ፎስተርና ፒተር ስኪሃን በ1996 ባወጡት ጥናት ከመናገራቸው በፊት 10 ደቂቃ ያገኙ ተማሪዎች ካላገኙት ይልቅ ሳይቆራረጡ ተናገሩ፣ ዓረፍተ ነገራቸውም ውስብስብ ሆነ። ስህተት በመቀነስ በኩል ግን የተለያዩ ጥናቶች ውጤት አይገጥምም። በ2003 ፋንግዩዋን ዩዋንና ሮድ ኤሊስ ያሳዩት ነገር ደስ ይላል፦ ለትክክለኛነት ይበልጥ የጠቀመው አስቀድሞ መዘጋጀት ሳይሆን እየተናገሩ ሳለ አለመጣደፍ፣ ራስን ለማረም ጊዜ ማግኘት ነው።

አስቀድሞ መዘጋጀት ሳይቆራረጡ ለመናገር ረድቶ ለትክክለኛነት ያን ያህል ያልጠቀመበት ምክንያት የሚገባኝ እንዲህ ነው። የሐሳቡ ቅደም ተከተል አእምሮ ውስጥ ይቆያል። ቃል በቃል የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ግን አፍ ሲከፈት ብን ብሎ ይጠፋል፣ እሱን ለማስታወስ መታገሉ ራሱ ቦታ ይወስዳል። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በንግግር ፈተናው ሁለተኛ ክፍል ለመዘጋጃ 1 ደቂቃ፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣል። በዚያች ደቂቃ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ! ሦስት አራት ነጥብና የሚያስቸግሯችሁን ቃላት ብቻ ጻፉ።

መድገምም ዝግጅት ነው። ያንኑ ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ ስትናገሩት ምን እንደምትሉ አስቀድማችሁ ስለምታውቁ ትኩረታችሁ ለቃላቱና ለሰዋስው ይተርፋል፣ ስለዚህ አስተማሪ የሆናችሁ ተማሪውን አንዴ አናግራችሁ አታስቀምጡት፣ ሌላ አድማጭ ሰጥታችሁ እንደገና ያውራው።