ናስ የነገሠባቸው ዓመታት፦ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ባንዶች

የአሜሪካ ማሪን ጦር ባንድ የተቋቋመው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በ1798 (እ.ኤ.አ.) በፈረሙት ሕግ ነው። ዛሬም ይጫወታል። በዚያ ዘመን ግን በባንዶች ውስጥ ዜማውን የሚመሩት ከእንጨት የሚሠሩት የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ክላርኔትና ኦቦ፣ ነበሩ። የያኔው ቢውግል፣ ማለትም የጦር ጡሩምባ፣ ለጦር ምልክት የሚበቁ ጥቂት ድምፆችን ብቻ ነበር የሚያወጣው። ሙሉ ዜማ አይወጣውም።

በ1810 ጆሴፍ ሃሊዴይ ደብሊን ላይ የቢውግሉን ጎን በስቶ ቁልፎች ሲገጥምለት ነገሩ ተቀየረ። መሣሪያውን አሜሪካ ውስጥ ካስከበሩት አንዱ የፊላደልፊያው ፍራንክ ጆንሰን ነው። ጊዜው የባርነት ዘመን ነው፣ እሱም ጥቁር ነው። ያም ሆኖ በ1818 ሙዚቃውን አሳተመ። በ1837 ደግሞ ባልደረቦቹን ይዞ እንግሊዝ ተሻገረ። ስለ አሜሪካ ባንዶች ሲወራ ስሙ ከሌሎቹ ኋላ መነሳቱ በጣም ያሳዝነኛል።

በ1835 ኔድ ኬንዳል የሚመራው የቦስተን ብራስ ባንድ ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ብዙ ባንዶች ክላርኔቱን ትተው ናስ በናስ ሆኑ። ቫልቭ (በጣት ሲጫኑት ትንፋሹን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚያሳልፍ መክፈቻ) ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ። የጣት አያያዙ ከትንሹ መሣሪያ እስከ ትልቁ ተመሳሳይ ስለሆነ የከተማው አናጢና ባለሱቅ ሳይቀር ይለምደው ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ትከሻ ላይ የሚያርፈው መሣሪያ ነው። ቱቦው በተጫዋቹ ትከሻ በኩል ያልፍና ሰፊው አፉ ወደ ኋላ ይዞራል። ባንዱ ከፊት ስለሚሄድ ድምፁ በቀጥታ ከኋላ ለሚከተለው ወታደር ይደርሳል። ለመድረክ ግን አይመችም።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ባንዶች ከነመሣሪያቸው ዘመቱ። ወጪው ሲከብድ ኮንግረስ በ1862 የበጎ ፈቃደኛ ሬጅመንቶችን ባንዶች በትኖ በርካታ ሬጅመንቶችን ለሚይዝ ለአንድ ብርጌድ 16 ሙዚቀኛ ብቻ ፈቀደ።

ከጦርነቱ በኋላ የገነነው አየርላንድ የተወለደው ፓትሪክ ጊልሞር ነው። በ1869 ቦስተን ላይ ለሰላም በዓል ወደ 1,000 ሙዚቀኛና 10,000 ዘማሪ አሰባሰበ። ከጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከቬርዲ ኦፔራ የተወሰደ ዝማሬ ሲቀርብ 100 የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአንጥረኛ መስፍ በመዶሻ ይመቱ ነበር! እኔ ግን ትልቁ ሥራው ከዚያ በኋላ የመጣው ይመስለኛል። በ1873 ኒው ዮርክ ላይ የ22ኛውን ሬጅመንት ባንድ ሲረከብ ክላርኔቱንና ኦቦውን ከናሱ ጋር አመጣጥኖ፣ ቁጭ ተብሎ የሚደመጥ የኮንሰርት ባንድ አደረገው።

ጊልሞር ያረፈው በሴፕቴምበር 24 ቀን 1892 ነው። የማሪን ባንድን ለ12 ዓመት የመራው ጆን ፊሊፕ ሱዛ የራሱን ባንድ ኒው ጀርዚ ውስጥ ለሕዝብ ያቀረበው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ከጊልሞር ሙዚቀኞችም በርካቶቹ ወደ እሱ ዞሩ።