ተቀምጦ በመዋል የሚመጣ የአቋም መዛባትና በስፖርት ማስተካከል

ተቀምጦ በመዋል የሚመጣ የአቋም መዛባት የሚባለው ራስ ከትከሻ መስመር አልፎ ወደ ፊት ሲወጣ፣ ትከሻ ወደ ደረት ሲጠቀለልና የላይኛው ጀርባ ሲጎብጥ የሚታየው ለውጥ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ዳሌ ወደ ፊት ያዘነብልና ወገብ ከልኩ በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። ችግሩ ከኮምፒውተር ጋር አልተወለደም። ልብስ ሰፊውም፣ ሾፌሩም፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ መርገጫውን የሚረግጠው ሸማኔም ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ስልክ ያመጣው ሰዓቱን ማርዘም ነው፤ አሁን ከሥራ በኋላም አንገት አያርፍም።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ እንጂ አጥንት አይደለም። ይህን በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው የፕራጉ ሐኪም ቭላድሚር ያንዳ (1928–2002) ናቸው። እንደ እሳቸው አገላለጽ ከላይ በኩል የደረትና የማጅራት ጡንቻዎች ይወጠራሉ፤ አንገትን ከፊት ከውስጥ የሚደግፉትና የትከሻን ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ኋላና ወደ ታች የሚይዙት ግን ይዝላሉ። ከታች ደግሞ ጭንን ወደ ሆድ የሚስበው ጡንቻና የወገብ ጡንቻ ሲወጠሩ ሆድና መቀመጫ ይደክማሉ። የተወጠሩትንና የደከሙትን በመስመር ሲያገናኟቸው መስቀል ስለሚሠሩ ያንዳ የላይኛውና የታችኛው መስቀል ብለዋቸዋል። ሥዕሉ ለማስተማር ይመቻል፤ ሁሉም ጎባጣ ግን በዚህ ልክ አልተሰፋም።

«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ከሚታሰበው በላይ ደካማ ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአከርካሪ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ክፍል) ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክተው፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ እንደሚጫን አሳዩ። በ1999 ጀርመን ውስጥ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ላይ የተደረገው ልኬት ግን ሌላ ነገር አመጣ፦ ዘና ብሎ የተቀመጠ ሰው ግፊት ከቆመው አልበለጠም፤ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። በአቋምና በሕመም መካከል ያለው ዝምድናም ያልጠነከረ ነው፤ ጎብጦ የማያመው አለ፣ ተስተካክሎ የሚያመው አለ። ስለዚህ ትልቁ ጥፋት አንድ አቀማመጥ ላይ ለሰዓታት መቆየት ነው፤ አቀማመጡ «ትክክለኛ» ቢሆንም።

ከስፖርቶቹ ቀላሉ አገጭን ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያንቀሳቅሱ ቀጥታ ወደ ኋላ ስቦ አምስት ሴኮንድ መያዝና አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። በትክክል የሠራው ሰው አገጩ ሥር እጥፋት ይወጣል፤ መልክ አያሳምርም እንጂ የአንገትን የውስጥ ጡንቻ በደንብ ያሠራል። ለትከሻ ደግሞ ጀርባን ከግድግዳ አስጠግቶ እጅን እንደ ምርኮኛ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ በጠንካራ ነገር ላይ የታሰረ ላስቲክን ክርን ከጎን ሳይርቅ ወደ ኋላ መሳብ፣ በሆድ ተኝቶ ደረትን ከመሬት ጥቂት ማንሳት ይሠራል። ደረትን ለማፍታታት ክንድን በበር መቃን ላይ አስደግፎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ይበቃል።

ለዳሌ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አንበርክኮ፣ መቀመጫን አጥብቆ፣ ዳሌን ወደ ፊት እየገፉ 30 ሴኮንድ መቆየት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ወገቡን ወደ ኋላ ቆልምሞ ያጭበረብራል፤ ያኔ ጭኑ ሳይሆን ወገቡ ይጎተታል። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳትና ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) ይከተላሉ።

ከማፍታታቱ ይልቅ ማጠንከሩ ላይ ማተኮር ይሻላል። መፍታታት ወዲያው ቀለል ስለሚያደርግ ሰው እሱን ይወዳል፤ ሰውነትን ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውለው ግን ያልደከመ ጡንቻ ነው። የላስቲክ ሥራ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ክብደቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ያህል መቀጠል አለበት። በትከሻ ላይ የሚታሰረው የጀርባ ማቅኛ ለጊዜው ያስታውሳል፤ ሲፈታ ግን የጠነከረ ጡንቻ የለም። የዓለም የጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። መቀመጥ ይቀነስ ይላል፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ግን ቁጥር አላስቀመጠም።

ሁሉም ጉብጠት የመቀመጥ አይደለም። ጀርባን ሲያቀኑ የሚስተካከለው የጡንቻ ነው፤ የማይስተካከለው ግን ምርመራ ይፈልጋል። ወጣቶች ላይ የአከርካሪ አጥንቶች ከፊት በኩል የሚሾሉበት የሾየርማን በሽታ፣ አረጋውያን ላይ የአጥንት መሳሳት አለ። ቲቢ ብዙ ሰው በሚይዝባት ኢትዮጵያ የአከርካሪ ቲቢም መታሰብ አለበት፤ አጥንቱን እየበላ ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ያወጣል፣ የሚድነውም በመድኃኒት፣ አንዳንዴም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ያለበት ሰው ላስቲክ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።