በወጣት ከዋክብት ዙሪያ ፕላኔቶች ውሃ የሚያገኙበት መንገድ

ውሃ ከፕላኔት ይቀድማል፤ ከፊሉ ከኮከቡም ይቀድማል። በከዋክብት መካከል ባለው ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በአቧራ ቅንጣቶች ገጽ ላይ ተዋህደው ውሃ ይሆናሉ፤ ውሃውም እዚያው በረዶ ሆኖ ቅንጣቶቹን ይለብጣቸዋል። ደመናው በራሱ ስበት ተሰብስቦ ኮከብ ሲወለድ፣ የተረፈው ጋዝና አቧራ በዙሪያው የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ዲስክ ይሆናል። ፕላኔቶች የሚሠሩት ከዚህ ዲስክ ነው።

በዲስኩ ላይ የበረዶ መስመር የሚባል ወሰን አለ። ከመስመሩ ወዲህ፣ በኮከቡ አቅራቢያ፣ ውሃ እንፋሎት ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ በረዶ። ምድር የተሠራችው ከመስመሩ ወዲህ፣ በደረቁ በኩል ስለሆነ ውሃዋ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። የተለመደው መልስ ከሩቅ የመጡ አስትሮይዶችና ጅራታም ከዋክብት አመጡላት የሚል ነው። ሆኖም ሮዜታ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2014 በ67ፒ ጅራታም ኮከብ ውሃ ውስጥ ያገኘችው የከባድ ሃይድሮጅን ድርሻ፣ ማለትም የውሃን ምንጭ የሚጠቁመው ምልክት፣ በምድር ውቅያኖሶች ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በካርቦን የበለጸጉት ሜትሮራይቶች (ከጠፈር ምድር ላይ የወደቁ ድንጋዮች) በዚህ ድርሻ ለምድር ውሃ ይበልጥ ይቀርባሉ።

ክርክሩን ያሰፋው ፒዲኤስ 70 የተባለው ኮከብ ነው። ከእኛ 370 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ዕድሜው 5.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ሁለት ግዙፍ ፕላኔቶች በዲስኩ ውስጥ ሰፊ ክፍተት ከፍተዋል። በዚህ ዕድሜ የውስጠኛው ዲስክ ውሃ በኮከቡ ጨረር ጠፍቷል ተብሎ ይገመት ነበር። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከኮከቡ 160 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት የውሃ እንፋሎት አገኘ። በረዶ የለበሱ ቅንጣቶች ክፍተቱን አልፈው ወደ ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል፤ ውሃው እዚያው ተሠርቶም ሊሆን ይችላል። አቧራውና ራሳቸው የውሃ ሞለኪውሎች አልትራቫዮሌት ጨረሩን ይከላከላሉ። የግኝቱ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፦ ድንጋያማ ፕላኔት ውሃ አምጪ ሳይጠብቅ፣ ገና ሲፈጠር ከዙሪያው ውሃ ሊያገኝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በቺሊ አታካማ በረሃ ያለው አልማ የራዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ኤችኤል ታውሪ በተባለ ወጣት ኮከብ ውስጠኛ ዲስክ ከምድር ውቅያኖሶች ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሚሆን የውሃ እንፋሎት መኖሩን አሳይቷል።

ከበረዶ ጋር ግንኙነት የሌለው መንገድም አለ። ወጣቱ ፕላኔት በሃይድሮጅን ከባቢ አየር ከተሸፈነ፣ ጋዙ ከሥሩ ካለው የቀለጠ ዐለት ኦክስጅን ወስዶ ውሃ ይሠራል።