ዋት፣ ቡፌና ዳንቴል፦ ስለ ቤት ሙዚቃ መሣሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ ጥሩ ድምፅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ «ስንት ዋት ነው?» ይላል። ቀጥሎ የማን ሥራ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ዕቃው ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን፣ አቧራው በምን እንደሚጠረግ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔ እስከታዘብኩት ድረስ ደግሞ እዚህ ከተማ ጥሩ ዕቃ የሚበላሸው በእነዚህ ነው። ከሰው አፍ የማይጠፉትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ወንድሜ፣ ይሄ 10,000 ዋት ነው፤ ሰፈሩን ያናውጣል!»

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር ሁሉም የተስማማበት አለካክ የለውም። አምራቹ ደስ ያለውን ይጽፋል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። 16 አምፔር የሚችል ሶኬት ቢበዛ 3,520 ዋት ይሰጣል። 10,000 ዋት የምር የሚበላ ዕቃ ቢኖር 45 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ገና ሲከፈት ቆጣሪው ይወርዳል። እግረ መንገዴን፣ የአዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት ነው። ካርቶኑን ካመንን 15,300 ስፒከር ብቻ ጣቢያውን ሙልጭ ያደርገዋል ማለት ነው።

እውነቱን ለማወቅ ዕቃውን አዙሩት። የመብራት ገመዱ የሚገባበት አካባቢ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 80 ዋት» የሚል ከሆነ፣ ከግድግዳው የሚወስደው 80 ዋት ነው። ለረጅም ሰዓት ለስፒከሩ መስጠት የሚችለው ከዚያ ያነሰ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ዕቃው ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር ነው።

ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁም እጥፍ ይሆናል የሚለውም ልክ አይደለም። እጥፍ ዋት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» የሚለውን ያህል። «እጥፍ ጮኸ» ለማለት አሥር እጥፍ ገደማ ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ የስፒከሩን ዴሲቤል፣ ማለትም በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚናገረውን ቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንዱ ስፒከር 87፣ ሌላው 90 ዴሲቤል ከተባለ፣ ባለ 90ው በግማሽ ዋት ያንኑ ያህል ይጮኻል። ለአንድ ሳሎን ከ40 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ጎረቤትም አለ።

«ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም»

ያቃጥላል እንጂ! ትንሹን አምፕ እስከ ጥግ ስትከፍቱት አቅሙ ያልቅና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ድምፁ ይሻክራል። ያ መሻከር ወደ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የሚሄደውን ጉልበት ያበዛዋል፤ የትዊተር ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው። ልደትና ምርቃት ላይ ትዊተር የሚሞተው በዚህ ነው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ቮልዩሙን መለስ አድርጉት።

«የስፒከር ቦታው ቡፌ ውስጥ ነው»

አዳማ ውስጥ ከደምበላ እስከ ቦኩ የብዙ ሰው ሳሎን አንድ ዓይነት ነው። መሬቱ ሴራሚክ ወይም ሊሾ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ፊት ለፊት ትልቅ ቡፌ። ስፒከሮቹ ከብርጭቆውና ከሠርግ ፎቶው ጋር ቡፌው ውስጥ ተሸጉጠዋል። ዘፋኙ እንስራ ውስጥ አፉን ከትቶ የሚዘፍን ይመስላል። «ዕቃው አይረባም» ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም እዚያው ይገባል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ሞክሩ። ስፒከሮቹን አውጡና በጠንካራ በርጩማ ላይ አስቀምጧቸው። ትዊተሩ ሶፋ ላይ ስትቀመጡ ከጆሯችሁ ጋር እኩል ይሁን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእነሱ እስከ እናንተ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ሁለት ስንዝር ያህል አርቋቸው። ግድግዳ ቤዝ ይጨምራል፤ ጥግ ደግሞ የባሰ ይጨምራል። ቤዙ ከበዛ ወደ ፊት ሳቡት፣ ካነሰ ወደ ኋላ ግፉት። ይህ ምንም ብር የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው።

ቤቱ ውስጥ ስታጨበጭቡ ጭብጨባው እየተመለሰ የሚያቃጭል ከሆነ፣ ችግሩ ባዶው ሴራሚክና ባዶው ግድግዳ ነው። ወፍራም ምንጣፍና ከባድ መጋረጃ አዲስ ስፒከር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ።

«ቤዝ የለውም፣ ስፒከሩ ርካሽ ነው»

ከመፍረዳችሁ በፊት ገመዱን ተመልከቱ። በአንዱ ስፒከር ቀዩና ጥቁሩ ከተቀያየሩ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዘፋኙም መሀል መሆኑ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም።

የገመዱ ቀለም ካልታወቀ አንድ ተራ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃል። የአምፑን መብራት ንቀሉ። የስፒከሩን ገመድ ከአምፑ አውጡት። የስፒከሩን ፊት ጨርቅ አንሱ። ከዚያ የገመዱን አንድ ጫፍ በድንጋዩ ፕላስ፣ ሌላውን በማይነስ ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርጉት። «ጡብ» ይላል። ዉፈሩ (ቤዝ የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ወደ እናንተ ወጣ ካለ፣ ፕላሱን የነካው ጫፍ ወደ ቀዩ የሚገባው ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው ነው። ምልክት አድርጉበትና ሁለተኛውንም እንዲሁ። ይህ ውስጡ አምፕ ለሌለው ስፒከር ብቻ ነው። መብራት የሚሰካበት ወይም ብሉቱዝ ያለው ስፒከር ላይ እንዳትሞክሩት።

ስለ ገመድ ካነሳን፣ «ውድ ገመድ ድምፅ ያጠራል» የሚለው ለአምስት ሜትር ሳሎን አይሠራም። ባለ 2.5 ስኩዌር የመዳብ ገመድ ከበቂ በላይ ነው። ተጠንቀቁ፣ ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከውስጥ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም።

«ዳንቴል ጣል ካላደረጉበት አቧራ ይገባበታል»

እናቶቻችን ይቅር ይበሉኝ። በኪሮሽ የተሠራው ዳንቴል ያምራል፤ አምፕ ላይ ሲሆን ግን ጠላት ነው። የአምፑ ክዳን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መውጫ ናቸው። ሲደፈኑ ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። ውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ በርሜል የሚመስሉ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አዳማ ሞቃታማ ከተማ ነው፤ ቤቱ ራሱ ሞቃት ነው። ከአምፑ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። ዲኮደሩን ላዩ ላይ አትጫኑበት።

አቧራው እውነት ነው። በበጋ ንፋሱ ሲነሳ መስኮት ዘግተን እንኳ ይገባል። ሽፋን አድርጉ፤ ግን አጥፍታችሁ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ። ስትከፍቱት አንሱት።

«ቮልዩሙ ሲንኮሻኮሽ ቤንዚን ጠብ ማድረግ ነው»

በፍጹም። ያ መንኮሻኮሽ ቮልዩሙ ውስጥ የገባ አቧራና ዝገት ነው። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ይበሉታል፤ እሳትም አለ። ለዝገት መፍቻ የሚረጨው ቅባትም ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል እንጂ ቅባቱ ተመልሶ አቧራ ይሰበስባል። ኮንታክት ክሊነር የሚባል በቆርቆሮ የሚሸጥ ማጽጃ አለ። መብራቱን ነቅላችሁ በቮልዩሙ ቀዳዳ ትንሽ ረጭ አድርጉ፣ ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አዙሩት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ይድናል።

«በሪሞት አጥፍቼዋለሁ፣ ምን ይሆናል?»

ቀይዋ መብራት እየበራች ከሆነ ዕቃው አልጠፋም። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት ትልቁ አደጋ የሚመጣው መብራቱ ሲመለስ ነው። ቮልቴጁ ለቅጽበት ሊዘል ይችላል። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ ግን ድንገተኛውን ዝላይ ለመያዝ ይዘገያል። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ፤ ሲመጣ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ነጎድጓድ ሲሆንም እንዲሁ።

ፊውዝ ተቃጥሎ በሲጋራ ብራማ ወረቀት መጠቅለል ደግሞ የድሮ ልማድ ነው። ያ ወረቀት አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። በላዩ የተጻፈውን አምፔር አይታችሁ ያንኑ ተኩ። ሳይቃጠል በቅጠል።

«ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ነው፣ አትጠይቅ»

መጠየቅ የሚገባው እንዲያውም ይሄኛው ነው። የጃፓን የቤት መብራት 100 ቮልት ነው። ለራሳቸው ገበያ የተሠራ አምፕ 220 ላይ ከተሰካ አንድ ጊዜ ያጨሳል፣ አለቀ። ከጀርባው 100 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩም ዋት ከዕቃው መብለጥ አለበት። ይህ ከተሟላ ያገለገለ የጃፓን አምፕ በዚያው ዋጋ ከሚገኝ አዲስ ነገር ሊበልጥ ይችላል።

«ሸክላ ከሁሉ ይበልጣል»

እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ሸክላዎች በእጁ የያዘ ሰው ሀብት ይዟል፤ አልከራከርም። ግን ያረጀ መርፌ ያንን ሀብት በየዙሩ ይፍቀዋል። መርፌ ዕድሜው በመቶዎች በሚቆጠር ሰዓት ነው። ሸክላውን አቁሙት እንጂ አንዱን ባንዱ ላይ አትደራርቡት፤ ፀሐይ ላይም ሆነ መኪና ውስጥ አትተዉት። በንጽሕና ብቻ ከሆነ ሲዲ ይበልጣል። በቴሌግራም የመጣ የተጨመቀ ዘፈን ግን በምንም ዕቃ አይድንም። ወደ ትልቅ ፋይል ብትቀይሩትም የጠፋው አይመለስም፤ ስልካችሁን ብቻ ይሞላል።

«ዳሩ ተበጣጥሷል፣ ስፒከሩ አልቋል»

በዉፈሩ ዳር ያለው ስፖንጅ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ማግኔቱና ሽቦው ግን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት አውራ ጣቶቻችሁን በዉፈሩ ግራና ቀኝ አድርጉና እኩል፣ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ዝም ብሎ ገብቶ ከተመለሰ ዳሩን ብቻ የሚቀይር ጠጋኝ ፈልጉ። የዉፈሩን ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሂዱ፤ ከተገኘም የጎማ ዳር ይሁን፣ ከስፖንጅ ይልቅ ዕድሜ አለው። ሲገፋ «ክርር» የሚል ከሆነ ሽቦው ማግኔቱን እየፋቀ ነው፤ ያገለገለ ልትገዙ ሄዳችሁ ይህን ከሰማችሁ ዋጋውን ሳትጠይቁ ውጡ።